«ልጁ ራሱ ፈቅዷል»

አልሐምዱ ሊላህ። ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይሁን። እርዳታውን እንለምናለን፣ ምሕረቱን እንጠይቃለን፣ ከነፍሳችን ክፋትም በእርሱ እንጠበቃለን። ከአላህ በቀር በእውነት የሚመለክ እንደሌለ፣ ሙሐመድም ባሪያውና መልክተኛው እንደሆኑ እንመሰክራለን። ሶላትና ሰላም በእርሳቸው፣ በቤተሰባቸውና በሰሐቦቻቸው ላይ ይሁን።

አማ በዕድ። የአላህ ባሮች ሆይ! አላህን እንድንፈራ መጀመሪያ ለራሴ፣ ቀጥሎ ለእናንተ አደራ እላለሁ።

ዛሬ የምናገረው ስለ ኳስ ነው። ሚንበር ላይ ኳስ ምን አመጣው ያላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ኹጥባ እየተደረገ ስልኩን አሾልኮ ውጤት የሚያይ ወንድምም አይጠፋምና፣ ቢያንስ ዛሬ ርዕሱ ይገጥምለታል። ስልኩን ግን ይዝጋው።

ነገሩ እ.ኤ.አ. የ2020 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ባለ ማግስት፣ ማርች 12 ቀን፣ የአሜሪካ ኮሌጆች የስፖርት ማኅበር የወንዶቹንም የሴቶቹንም የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ሰረዘ። ያኔ ሁሉም ደንግጦ ስለነበር የተከራከረ ብዙ አልነበረም። ክርክሩ የተጋጋለው የአሜሪካ እግር ኳስ ወቅት ሲቃረብ ነው። በኦገስት መጀመሪያ በምዕራብ ያለው የፓክ 12 ሊግ ተጫዋቾች፣ ጤናችን ካልተጠበቀና መብታችን ካልተከበረ ሜዳ አንገባም አሉ። ሳምንት ያህል ቆይቶ የክሌምሰን ዩኒቨርሲቲው ትሬቨር ሎረንስና ሌሎች ስመ ጥር ተጫዋቾች መጫወት እንፈልጋለን ብለው ተነሡ። ኦገስት 11 ቀን ቢግ ቴንና ፓክ 12 ውድድራቸውን አስተላለፉ፤ ሌሎቹ ሦስት ትልልቅ ሊጎች ግን ቀጠሉ። ሴፕቴምበር ላይ ያስተላለፉትም ሐሳባቸውን ለውጠው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ወቅቱ በሙሉ ጨዋታ መሰረዝ፣ ማስተላለፍ፣ ተጫዋች ማግለል ሆነ። ሎረንስ ራሱ በኦክቶበር መጨረሻ በቫይረሱ ተይዞ ሁለት ጨዋታ አመለጠው።

ያለፈ ነገር ለምን ታነሳለህ የሚለኝ ካለ፣ ወረርሽኝ ቀጠሮ ይዞ አይመጣም። ያኔ ደግሞ ከሁሉም አፍ ስትወጣ የነበረች አንዲት ቃል አለች፤ አሁንም ከእኛ ቤት አልወጣችም። «ልጁ ራሱ ፈቅዷል» የምትለው ናት።

መጀመሪያ ለወጣቱ ልሟገትለት። ጨዋታ በዲናችን ነውር አይደለም። በዒድ ቀን በመዲና፣ በራሱ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ውስጥ፣ በጦርና በጋሻ ይጫወቱ የነበሩት እነማን ነበሩ? ሐበሾች ናቸው። ዑመር (ረ.ዐ) ሊያስቆሟቸው ጠጠር ሲያነሱ፣ ተዋቸው ያሏቸው ነቢዩ ናቸው። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ከእርሳቸው ኋላ ቆማ፣ ጉንጯን ከጉንጫቸው አስጠግታ፣ እስኪሰለቻት ድረስ አየች። እርሳቸውም ቆመው ጠበቋት፤ አላጣደፏትም። ከዓኢሻ ጋር ሩጫ ተሽቀዳድመዋል፣ ከሩካና ጋር ታግለዋል። ብርቱ ሙእሚን ከደካማው ይልቅ አላህ ዘንድ ተወዳጅ እንደሆነ፣ በሁለቱም ግን ኸይር እንዳለ አስተምረዋል። ስለዚህ ከልጅነቱ ጀምሮ ለአንድ ነገር ላቡን ያፈሰሰ ልጅ፣ ደንቡ የሚፈቅድለት አራት ዓመት ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ከአራቱ አንዱን አጣህ ሲባል ቢያለቅስ፣ በዱንያ ነገር አለቀሰ ብለን አንሳቅበት። ለአንዳንዱ ያቺ ስኮላርሺፕ ከድህነት የምታወጣ ብቸኛ በር ናት። ውድድር መቆሙም ሰው ይጎዳል፤ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በዚያው በጁላይ ወር አሥራ አንድ የስፖርት ዓይነቶችን እዘጋለሁ ሲል ትግል የሚታገሉት፣ መረብ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ምን እንደተሰማቸው መገመት አያቅተንም፤ በኋላ ሐሳቡን ቢለውጥም።

እንግዲህ ልጁ እሺ ካለ፣ ጨዋታውም ሐላል ከሆነ፣ ምን ቀረ?

የቀረው ሰርግ በምትባል ስፍራ የሆነው ነው። በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ አካባቢ ኸሊፋው ዑመር ወደ ሻም ሲጓዙ እዚያ ደረሱ። አቡ ዑበይዳና ሌሎቹ የጦር አዛዦች ተቀብለዋቸው ሻም ውስጥ ወረርሽኝ መግባቱን ነገሯቸው። ዑመር ሙሃጂሮቹን ጠርተው አማከሩ፤ ተከፋፈሉ። ከፊሉ ለአንድ ጉዳይ ወጥተሃል፣ መመለስ አይገባህም አለ። ከፊሉ የቀሩት የነቢዩ ሰሐቦች ከአንተ ጋር ናቸው፣ ወደዚህ በሽታ አታግባቸው አለ። አንሷሮቹን አማከሩ፤ እነርሱም እንደዚያው ተከፋፈሉ። በመጨረሻ የቁረይሽ ሽማግሌዎችን ሲጠይቁ ሁሉም በአንድ ቃል ተመለስ አሉ። አቡ ዑበይዳ ከአላህ ቀደር ትሸሻለህን ብለው ሲሞግቱ፣ ዑመር የሰጡትን መልስ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር ነው የምንሸሸው። በኋላ ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ) መጥተው፣ ወረርሽኝ ያለበት አገር እንዳይገባ፣ ካለበትም ሸሽቶ እንዳይወጣ ነቢዩ ማዘዛቸውን ሲነግሯቸው፣ ዑመር አላህን አመሰገኑ።

ይህን ታሪክ ስናወራ ሁልጊዜ የምንቆመው ስለ ቀደር በተባለችው ላይ ነው። እኔ ግን ዛሬ ከዚያ በፊት ባለው ላይ መቆም እፈልጋለሁ። ከዑመር ጋር የነበሩት እነማን ነበሩ? በድርን ያዩ፣ ኡሑድን ያዩ፣ ሞት የማያስፈራቸው ሰዎች። እንግባ የሚሉ ሞልተው ነበር። ዑመር ግን ሰዎቼ ፈቅደዋልና እኔ ከደሙ ንጹሕ ነኝ አላሉም። የተከታዮቻቸው ድፍረት ከተጠያቂነት አላወጣቸውም። ሁላችንም እረኞች ነን፣ ሁላችንም ስለ መንጋችን እንጠየቃለን የተባለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። በ2020 ክረምት አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ተጫዋቾቹን ወረቀት አስፈረሙ። አደጋው እንዳለ አውቃለሁ፣ ራሴን እጠብቃለሁ የሚል ዓይነት። አንዳንዱ ቃል መግቢያ ብቻ ነው፣ የሕግ መብት አይነካም ተባለ። ነገሩ ግን አሳሳቢ ሆኖ ኦገስት 5 ቀን የኮሌጆቹ ማኅበር፣ ለመጫወት ሲል መብቱን እንዲተው ማንም ተማሪ አይገደድ፣ አልጫወትም ያለም ስኮላርሺፑን አይነጠቅ ብሎ ወሰነ። መልካም አደረገ። ግን እስቲ አስቡት። ፈራሚው የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። ካልፈረመ ቦታውን የሚወስድ ሌላ ልጅ ከኋላው ቆሟል። አሰልጣኙ ምንም አይለው ይሆናል፤ ዝም ብሎ ስሙን ከመጀመሪያ ተሰላፊዎች ዝርዝር ቢያወጣው ማን ይጠይቀዋል? እንዲህ ያለ ፈቃድ፣ ፈቃድ ነው ብላችሁ በአላህ ፊት ትቆሙበታላችሁ?

ፈቃዱ እውነተኛ ቢሆን እንኳ ልጁ የራሱ ያልሆነውን መስጠት አይችልም። አካላችን ከአላህ የተቀበልነው አማና ነው፤ በገዛ እጃችን ራሳችንን ወደ ጥፋት እንዳንወረውር ተከልክለናል። የራሱን እንኳ ይስጥ እንበል፣ የአያቱን ሳንባ ማን ሰጠው? ወረርሽኝ ከጉልበት ስብራት የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ልጁ ጉልበቱ ቢሰበር የሚያነክሰው ራሱ ነው። ቫይረሱን ግን ይዞት ይገባል፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ያልፈረሙ ሰዎች አሉ።

የአሜሪካን እግር ኳስ ለማያውቁ ልንገር። ኳሱ ሊወጣ ሲል ሁለት መስመር ተጫዋቾች ፊት ለፊት ጎንበስ ይላሉ፤ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ይሰማዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከ130 ኪሎ በላይ ናቸው፤ ክብደት ደግሞ ይህን በሽታ ከሚያከብዱት ነገሮች አንዱ ነው። ከዚያ ልብስ መቀየሪያ ክፍል፣ አውቶቡስ፣ ሆቴል። የታመመ ግመል ከጤነኛው ጋር አይቀላቀል ብለው ያስተማሩን ነቢይ ተከታዮች ይህን ለመረዳት ሐኪም መሆን አያስፈልገንም።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን የሰሜን ካሮላይናው ቻፕል ሂል ዩኒቨርሲቲ ነው። ኦገስት 2020 ግቢውን ከፍቶ ሳምንት እንደሆነው ቫይረሱ ስለተዛመተ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቱን ወደ ኦንላይን አዞረ። እግር ኳሱ ግን ቀጠለ። ክፍል ገብቶ ደብተር መክፈት አደገኛ የሆነበት ግቢ፣ ትከሻ ለትከሻ ለመጋጨት እንዴት ደኅና ሆነ? መልሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የቴሌቪዥን ገንዘብ ነው። አይቪ ሊግ የሚባሉት እነሃርቫርድ ከትልልቆቹ ሊጎች ቀድመው ጁላይ 8 ቀን የመኸሩን ወቅት ስፖርት አቆሙ። የበለጠ አላህን ስለፈሩ አይመስለኝም፤ እንጀራቸው ከእግር ኳስ ጋር ስላልተሳሰረ አይሆንም ማለት ቀለላቸው። ሌሎቹ ጋ አሰልጣኙ ሚሊዮኖች ዶላር ይከፈለዋል፤ ልጁ ያኔ በስሙና በምስሉ ሳንቲም ማግኘት አይፈቀድለትም ነበር፤ የተፈቀደው ከጁላይ 2021 ጀምሮ ነው። የሠራተኛን ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ ስጡት የተባልን ሕዝብ ነን።

ፍትሐዊ እንሁን። ቢግ ቴን ሲመለስ ተጫዋቾቹን በየቀኑ መመርመር ጀመረ፤ ቫይረሱ የተገኘበትም ቢያንስ 21 ቀን ከውድድር ርቆ ልቡ እንዲታይ አደረገ። ይህ ከልብ የሆነ ጥንቃቄ ነው። ስለ ልብም የነበረው ስጋት በኋላ ቀለል ብሏል። በሴፕቴምበር 2020 ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በቫይረሱ ተይዘው ከነበሩ 26 አትሌቶች በ4ቱ የልብ ጡንቻ ብግነት ምልክት ሲታይ ብዙ ሰው ደነገጠ፤ በ2021 የወጣው የቢግ ቴን ጥናት ግን ከ1,597 አትሌቶች 37 ብቻ አገኘ። አዩ፣ ምንም አልነበረም የሚሉ አሉ። ሁለት ነገር እላቸዋለሁ። ከ37ቱ 28ቱ የልብ ሕመም ስሜት ያልነበራቸው ናቸው፤ ባይመረመሩ ማንም አያውቅም ነበር። ደግሞም ጨለማ ውስጥ ድንጋይ ወርውሮ ሰው ስላልመታ፣ ወርዋሪው ንጹሕ ነው አንልም። ውሳኔ የሚመዘነው በወሰኑበት ቀን በነበረው እውቀት ነው፤ የሚያጠራጥርህን ትተህ ወደማያጠራጥርህ ሂድ የተባልነውም ያኔ ነው።

መጠበቅ ይቻል ነበር ወይ? አዎን። ከትልልቆቹ በታች ባለው እርከን ያሉ ብዙ ኮሌጆች ውድድራቸውን ወደ 2021 ጸደይ አዛወሩ፤ ሻምፒዮናቸው በሜይ 16 ቀን ተጠናቀቀ። ያኔ ክትባቱ አሜሪካ ውስጥ ለአዋቂ ሁሉ ተከፍቶ ነበር። እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፣ ፈትዋም አልሰጥም። የማምንበትን ግን እናገራለሁ። ሜዳ ላይ ተራርቀው የሚሮጡ ልጆችን፣ ምርመራ እስካለ ድረስ፣ መከልከል አይገባም ነበር። እግር ኳሱ ግን ጸደይን መጠበቅ ነበረበት። ያላስጠበቀው የልጆቹ ጉጉት አይደለም፤ በልጆቹ ጉጉት የተሸፈነ የትልልቆች ስስት ነው።

ይህን ብዬ አላህን ለእኔም ለእናንተም ምሕረት እጠይቃለሁ። እናንተም ለምኑት።

*

አልሐምዱ ሊላህ፣ ወሶላቱ ወሰላሙ ዐላ ረሱሊላህ።

ወንድሞችና እህቶች፤ ከእኛም መሐል ልጆቻቸው ኮሌጅ የሚሮጡ፣ ኳስ የሚጫወቱ አሉ። ብዙዎቻችን ታክሲ እንነዳለን፣ ሆስፒታልና የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ እንሠራለን፤ ስኳርና ደም ግፊት ያለባት እናታችን ሳሎናችን ውስጥ ናት። ልጁ ለበዓል ሲመጣ ሻንጣውን አስቀምጦ መጀመሪያ የሚሄደው ጉልበቷን ሊስም ነው። በሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ፣ ልጄ ስኮላርሺፑን ያጣብኛል ብላችሁ አሰልጣኝ አትፍሩ። ደውሉ። ልጄ ዛሬ አልጫወትም ቢል ምን ይሆናል በሉት። የሚመረምረው ሐኪም ለማን ነው የሚታዘዘው፣ ለአንተ ነው ወይስ ለሌላ በሉት። የተራው ተማሪ ምርመራ እንደ ተጫዋቾቹ ነው ወይ ብላችሁም ጠይቁ፤ ገንዘብ ለሚያስገባ ሰው ብቻ የሚሰጥ ጥንቃቄ ምን እንደሚባል እናውቃለንና።

እናንተም ወጣቶች፣ ያማችሁ ቀን ደብቃችሁ አትሰለፉ። አሞኛል ማለት ወኔ ማጣት አይደለም። ዝናብ በበረታበት ጁሙዓ ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) ሙአዚኑን ወደ ሶላት ኑ በሚለው ፈንታ በየቤታችሁ ስገዱ በል አሉት፤ ሰዎቹም ግራ ሲገባቸው ከእኔ የሚበልጠው እንዲህ አድርጓል አሏቸው። ለጭቃ ሲባል ጁሙዓ ከቀረ፣ ለወረርሽኝ የቅዳሜ ግጥሚያ ቢቀር ምን አለበት?

አላህ ሆይ! በወረርሽኙ ያጣናቸውን ማርልን፣ ጀነተል ፊርደውስን ወፍቃቸው። ሕመሙ ለዓመታት ያልለቀቃቸውን አሽርልን። በየሆስፒታሉ ያደሩትን እህቶቻችንንና ወንድሞቻችንን ዋጋቸውን አብዛላቸው። ልጆቻችንን በክፍልም በሜዳም ጠብቅልን። የልጆች ጤና በእጃቸው ለሆነ ሁሉ፣ አሰልጣኝም ይሁኑ ሐኪም፣ የኮሌጅ ዲን ይሁኑ ወላጅ፣ ዛሬ አትጫወትም የሚሉበት አንደበት ስጣቸው። አሚን።

ሰፋችሁን አስተካክሉ፤ ሶላት ይቁም።