ማንንም አላስቸገርንም

ሰው ሰውን ሳያስቸግር ማደር ይችላል? እኔ ይችላል ባይ ነበርኩ። ጣና ዳር ያደርኩት አንድ ሌሊት ግን አጠራጠረኝ።

ነገሩ የሆነው በ1998 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ ነው። አራት ጓደኛሞች ከአዲስ አበባ ተነሥተን ባሕር ዳር ገባን። አንደኛው ውጭ አገር ቆይቶ የመጣ ስለሆነ ሁለት ድንኳን፣ የመኝታ ከረጢትና ትንሽ የጋዝ ምድጃ ይዟል። «ሆቴል ምን ያደርግልናል? ሐይቁ ዳር እንደር» አለን። ደስ አለን። ወደ ዘጌ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ከሄድን በኋላ ከአንድ መንደር ዝቅ ብሎ፣ ደንገል ከበቀለበት ውኃ አጠገብ ሣሩ ለስላሳ የሆነ ሜዳ አገኘን።

ድንኳኑን እየተከልን ሳለ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ይዘው መጡ። ሰላምታው ረጅም ነበር። ከሰላምታው በኋላ ሜዳውን አየት አደረጉና፣

«እዚህ አይታደርም» አሉ።

«ለምን አባባ?»

«ቤት እያለ ሰው ሜዳ ላይ ያድራል? ኑ ግቡ። ቤት የእግዚአብሔር ነው።»

«ግድ የለም አባባ፣ አናስቸግርዎትም። ሁሉም ነገር አለን» አልናቸው።

ድንኳኑን አዩት፤ እኛን አዩን፤ «እንግዲህ» ብለው ሄዱ። «የቦታ ሊያስከፍሉን ፈልገው ነው» አለ አንዱ ጓደኛችን። ሳቅን። መቼም የከተማ ሰው ነንና ደግነት ሲቀርበን መጀመሪያ የምንፈልገው ዋጋውን ነው።

ሌሊቱ ከተጋመሰ በኋላ ለሽንት ወጣሁ። ከድንኳናችን ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ውኃው በኩል እሳት ይነዳል። ሽማግሌው እሳቱ ዳር ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው አንድ ልጅ ኩርምት ብሎ ተኝቷል።

«ምነው አባባ፣ አልተኙም?»

«ጉማሬ አለ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሌሊት ሣር ሊግጥ ሲወጣ በዚህ ነው የሚያልፍ። መንገዱ ላይ ነው የተኛችሁት።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

«አይታደርም አልኳችሁ እኮ።»

ጉማሬ ቀን ውኃ ውስጥ ውሎ ሌሊት ለግጦሽ ይወጣል። የለመደው መንገድ አለው፤ ከመንገዱ ላይ ያገኘውንም አይምርም። እኔ ይህን በመጽሐፍ አውቀው ነበር። ሽማግሌው የሚያውቁት ግን ማሳቸውን ሲጠብቁ ባደሩባቸው ሌሊቶች ነው። ልቀመጥ ብል «ግባ ተኛ የኔ ልጅ፣ ብርዱ አይመችህም» አሉኝ። ገባሁ። ተኛሁ ማለት ግን ውሸት ነው።

ሲነጋ አንድ መቶ ብር አዋጣንና እኔ አቀረብኩላቸው። «የምን ነው?» አሉ። «ለሌሊቱ» አልኩ። «ሌሊት ይሸጣል እንዴ?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ቡና ተፈልቷልና ቤት ገብታችሁ ጠጡ አሉን። እኛ ደግሞ ወደ ደሴቶቹ ገዳማት የምትወስደን ጀልባ በሦስት ሰዓት ትጠብቀናለች። «ሌላ ጊዜ» አልናቸው። ብሩን እሳቱ ከነደደበት ቦታ፣ አንድ ድንጋይ ሥር አስቀምጠን ሄድን።

ጀልባዋ ላይ ክርክር ተነሣ። ድንኳኖቹን ያመጣው ጓደኛችን፣ «ጠብቁን ብለን አልጠየቅናቸውም። ያልጠየቅነው ውለታ እንዴት ዕዳ ይሆንብናል?» አለ። ይህ ክርክር የዋዛ አይደለም። ማንም ሰው ሳልጠይቀው መልካም እያደረገ ባለዕዳ የሚያደርገኝ ከሆነ ነፃነቴ የታለ? በውለታ ስንት ሰው እንደታሰረ እናውቃለን። «ያኔ እንዲህ አድርጌልህ» እየተባለ ዕድሜ ልኩን አንገቱን የደፋ ሰው በየቤታችን አለ።

ጓደኛዬ ይህን የተማረው ሰው በድንኳን ማደሩን እንደ መዝናኛ በሚቆጥርበት አገር ነው። በአሜሪካ ገጠር ሰው አልጋና ምድጃ ያለበት መኪናውን እየነዳ ሄዶ፣ ለዚሁ በተዘጋጀ ሜዳ ላይ ቁጥር ያለው ቦታ ይከራያል፤ ውኃና መብራት ይቀጥላል፤ ያድራል፤ ጠዋት ይሄዳል። ጎረቤቱን አለማወክ እዚያ ትልቅ ጨዋነት ነው። እኛም ዘንድ ቢሆን ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ከካይሮ እስከ ኬፕታውን አፍሪካን በመኪና የሚያቋርጡ ፈረንጆች በባሕር ዳሩ ግዮን ሆቴል ግቢ፣ በዛፎቹ ሥር፣ ድንኳን ሲተክሉና መኪናቸው ውስጥ ሲያድሩ ኖረዋል። በስተ ሰሜን ጎርጎራ ላይ ደግሞ ሆላንዳውያን ባልና ሚስት ቲም ኤንድ ኪም ቪሌጅ የተባለ ማረፊያ ከፍተው ለድንኳን ቦታ ይሰጡ ነበር። ይህ ንጹሕ ንግድ ነው። ከፋይም ተቀባይም ያወቁትና የተስማሙበት ስለሆነ ነውር የለበትም።

ይሁን እንጂ ድንኳን በዚህ ሐይቅ ዙሪያ ከቱሪስቱ በፊት ረጅም ታሪክ አለው። ከተማ የሚለው ቃላችን ራሱ ቀድሞ የጦር ሠፈር ማለት ነበር። ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን እስኪቆረቁሩ ድረስ ነገሥታቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚኖሩት ከቦታ ቦታ በሚነሣ የድንኳን ከተማ ነው። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን ሲቆይ የዐፄ ልብነ ድንግልን የድንኳን ከተማ አይቶ በዝርዝር ጽፎታል። የፋሲል አባት ዐፄ ሱስንዮስም ጎርጎራን መቀመጫቸው አድርገው ነበር። ይህን ስናነብ የሚታየን የድንኳኑ ግርማ ነው። ባላገሩ ግን የሚያየው ሌላ ነው። ያ ሁሉ ሠራዊት የሚበላው ከእሱ ጎተራ፣ የሚማግደው ከእሱ ዛፍ ነው። እንጨቱና እህሉ ሲያልቅ ሠፈሩ ይነሣል፤ ባላገሩ ከባዶ ጎተራው ጋር ይቀራል። አልቀበልም ማለት የማይችል ሰው አስተናጋጅ አይባልም።

እንግዲህ ሁለት ዓይነት ድንኳን አየን። የንጉሡ ድንኳን ሳይጠይቅ ይወስዳል፤ የመንገደኛው ድንኳን ጠይቆ ይከፍላል። የእኛስ? እኛ ንጉሥ አይደለንም። በከፈልንበት ግቢም አላደርንም። ምንም ያልወሰድን መስሎን ነበር፤ ግን የአንድ ሽማግሌና የአንድ ልጅ እንቅልፍ ወስደናል። ሰውየው ደጃፍ ሥር፣ እሳቸው ብቻ በሚያውቁት አደጋ ላይ ስንተኛ፣ አፋችን ባይጠይቅም አስተኛኘታችን ጠይቋቸዋል። ቤታቸው ገብተው መተኛት ይችሉ ነበር ይባል ይሆናል። ግን ሌሊት ጩኸት ቢሰሙስ? ጠዋት መንደሩ ምን ይላል? ከመንደሩም በላይ እሳቸው ለራሳቸው ምን ይላሉ? ቤታቸው ብናድር ኖሮ የምናስቸግራቸው አንድ መደብና ጥቂት እንጀራ ነበር። አናስቸግርም ብለን ሌሊቱን ሙሉ ዘበኛ አደረግናቸው።

ሽማግሌው ሜዳ ላይ ያገኙትን ሰው ቤት እንዳጣ መቁጠራቸውም ትክክል ነበር። በአገራችን ስንት ሰው ነው ፈልጎ ድንኳን ሥር የሚያድረው? የሰሜኑ ጦርነት ከተጀመረበት ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ብዙ ሰው ተፈናቅሎ በሸራና በፕላስቲክ ሥር አድሯል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ ድንኳን ይዞ ለሽርሽር የሚመጣውን መንገደኛ ከመንገድ አስቀርቶታል። ሸራው ያው ሸራ ነው፤ ልዩነቱ ጠዋት አጣጥፎ ወደ ቤት መመለስ መቻሉ ላይ ነው። እኛ መመለሻ ስላለን ቤት ማጣትን ለአንድ ሌሊት ተጫወትንበት። ሽማግሌው ጨዋታ መሆኑን አላወቁም፤ እንደ ቁም ነገር ወስደው ጠበቁን።

ይህን ስል ድንኳን አትትከሉ ማለቴ አይደለም። ሰማይ እያዩ፣ የውኃ ድምፅ እየሰሙ ማደርን የመሰለ ነገር የለም። እኔም ከዚያ በኋላ አድሬያለሁ። አሁን ግን ድንኳኔን ከመፍታቴ በፊት ወደ ቀረበው ቤት ሄጄ «ቤት ለእንግዳ» እላለሁ። ግባ ካሉኝ እገባለሁ፤ የሰጡኝን እቀምሳለሁ፤ ከዚያ «ውጭ ባድርስ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አይሆንም ካሉኝ አይሆንም ነው።

ስለ መቶ ብሩ አንዳንዴ አስባለሁ። ሽማግሌው አግኝተውት ይሆን? አግኝተውትስ ምን ብለው ይሆን? የሚቆረቁረኝ ግን እሱ አይደለም። የሚቆረቁረኝ ቡናው ነው። ሌሊቱን ሙሉ እሳት ሲያነዱልን ያደሩት ሰው በምላሹ የፈለጉት አንድ ነገር፣ ቤታቸው ገብተን እንድንቀመጥ ነበር። እኛ ብር እንጂ ግማሽ ሰዓት አልነበረንም።