በእግረ ደብር የቀረው ባልንጀራ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ለዛሬው ጽሑፌ መነሻ የሆነኝ በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 14 ላይ የሚገኘው የዮናታንና የጋሻ ጃግሬው ታሪክ ነው። ፍልስጥኤማውያን በማክማስ ሰፍረው እስራኤልን ያስጨንቁ ነበር። በምድሪቱ ብረት ሠሪ እንዳይገኝ ስላደረጉም ከሳኦልና ከልጁ ከዮናታን በስተቀር ከሕዝቡ መካከል ሰይፍ ወይም ጦር ያለው አልነበረም። ንጉሡ ስድስት መቶ ከሚያህሉ ሰዎች ጋር ከሮማን ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ፣ ዮናታን ለአባቱ ሳይነግር ጋሻ ጃግሬውን ብቻ አስከትሎ ወደ ጠላት ሰፈር ሄደ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ሁለት የሾሉ ዓለቶች ነበሩ፤ አንዱ ቦጼጽ፣ ሁለተኛው ሴኔ ይባላሉ። ዮናታን ዓለቱን በእጁና በእግሩ እየቧጠጠ ወጣ፤ ጋሻ ጃግሬውም ተከተለው።

ሰባክያን ይህን ታሪክ ሲያነሡ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሱት የዮናታንን ድፍረት ነው። ድፍረቱ እርግጥ ነው። ነገር ግን ገደል በእጁና በእግሩ የሚወጣ ሰው እጁ ባዶ መሆን አለበት። ታዲያ ጋሻውን ማን ያዘለት? የልጁ ስም አልተጻፈም፤ ሥራው ግን በመጠሪያው ውስጥ አለ። ዮናታን አሳቡን ሲገልጽለትም፣ ልብህ ወዳዘነበለበት ሁሉ ከአንተ ጋር ነኝ የሚል መልስ ሰጠው። ዮናታን ብቻውን ቢሆን ኖሮ ያን ዓለት ይወጣው ነበር ብዬ አላምንም።

ሁለተኛው አስተውሎቴ ዮናታን ምልክቱን የወሰነው ገና ከታች ሳሉ መሆኑ ነው። ጠባቂዎቹ ቆዩ ካሉን ባለንበት እንቆማለን፤ ወደ እኛ ውጡ ካሉን ግን እንወጣለን ብሎ ከባልንጀራው ጋር ተስማማ። እግር ደልዳላ መሬት ላይ ሳለ ልብ ይረጋል፤ ገደል መካከል ከተሰቀሉ በኋላ ግን ማንም በቅጡ አያስብም።

ይህን የምለው ከመጽሐፉ ብቻ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በኅዳር ወር ከአንድ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ባልንጀራዬ ጋር በትግራይ፣ በገርዓልታ ተራሮች የሚገኘውን የአቡነ ይምአታ ጉሕን ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ሄደን ነበር። አቡነ ይምአታ በአገራችን ወንጌልን ካስፋፉትና ገዳማትን ከመሠረቱት ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ ናቸው። ገርዓልታን ያላያችሁ፣ ከሜዳው ላይ ቀጥ ብለው እንደ ምሰሶ የቆሙ ቀያይ የአሸዋ ድንጋይ ዓለቶችን በአሳባችሁ ሣሉ። ቤተ ክርስቲያኑ የተፈለፈለው ከእነዚህ በአንዱ ላይ፣ ወፍ ጎጆዋን ልትሠራበት በምትመርጠው ዓይነት ስፍራ ነው። ከሥሩ ቆሞ ሲመለከቱት መንገድ ያለው አይመስልም።

ከሐውዜን በማለዳ ተነሥተን ከተራራው ሥር ስንደርስ ፀሐይ ገና አልበረታም ነበር። የመጀመሪያው ክፍል አቀበት ነው፤ ትንፋሽ ይጠይቃል እንጂ አያስፈራም። ቀጥሎ ግን እንደ ግድግዳ የቆመ ዓለት ይመጣል። ከዚህ ላይ ጫማ ይወልቃል። አንድም ስፍራው ቅዱስ ስለሆነ ነው፤ አንድም ባዶ እግር ከየትኛውም ጫማ ይልቅ ድንጋይ ስለሚጨብጥ ነው። በዓለቱ ላይ የእጅና የእግር መያዣ የሚሆኑ ጎድጓዶች አሉ፤ የስንት ዘመን ምእመናን እጅና እግር አለስልሷቸዋል። የአካባቢው ሰዎች ከሥር ሆነው የወጪውን ተረከዝ እየያዙ ከጎድጓዱ ውስጥ ያስገቡለታል። በዚህ ዓለት ላይ እናቶች ክርስትና የሚነሣ ሕፃን አዝለው ይወጣሉ። የእኛ የእንግዶቹ መንቀጥቀጥ ለእነርሱ ሳያስቃቸው አይቀርም።

እኔና ባልንጀራዬ ጫማችንን ከማውለቃችን በፊት ተነጋገርን። ከሁለታችን አንዱ አልችልም ካለ ሁለተኛው አይጎትተው፤ በማንም ፊት አያሳፍረው፤ የሚቀረው ሰው በሰላም የሚቀመጥበት ቦታ ካለ ሌላው ወጥቶ ለሁለቱም ይጸልይ ተባባልን።

ባልንጀራዬ ቀድሞ ጀመረ። ከቁመቱ እጥፍ ያህል እንደ ወጣ ጉልበቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ወረደ። ጥቂት አርፎ ደግሞ ሞከረ፤ አሁንም ከዚያው ቦታ ላይ ሲደርስ እግሩ ከዳው። ከኋላችን ተራ ይጠብቅ ከነበሩት መንገደኞች አንዱ፣ “እምነት ከሌለው ምን አመጣው?” ሲል ሰማሁ። ባልንጀራዬም ሳይሰማው አልቀረም። ነገር ግን ፈገግ ብሎ፣ “አንተ ውጣ፤ የጫማ ጠባቂ ያስፈልጋል” አለኝና ከዓለቱ ሥር ተቀመጠ።

ስለዚያ መንገደኛ ንግግር አንድ ነገር ልበል፤ እንዲህ ያለ አነጋገር በመካከላችንም የሚሰማ ነውና። ገደል መፍራት የእምነት ጉድለት አይደለም። ጌታችንን ከቤተ መቅደስ ጫፍ ላይ አቁሞ ራስህን ወደ ታች ወርውር ያለው ማን እንደ ነበረ እናውቃለን። ጌታም አልዘለለም፤ አምላክን መፈታተን አይገባም ብሎ መለሰለት እንጂ። ሰውነቱ አልችልም ያለውን ሰው እምነት የለህም ብሎ የሚገፋ፣ ሳያውቀው የማንን ቃል እንደሚናገር ቢያስብ መልካም ነው።

እኔ ወጣሁ። ከግድግዳው በላይ ወገቡ የጠበበ መተላለፊያ አለ፤ ስፋቱ ግማሽ ሜትር ቢሆን ነው፤ በአንድ ጎኑ ዓለት፣ በሌላው ጎኑ ዐየር ብቻ። እርሱን ካለፉ በኋላ ትንሿ በር ትገኛለች። ውስጡ መጀመሪያ ጨለማ ነው። ዐይን ሲለምድ ግን በጣሪያው ላይ ሐዋርያትና ቅዱሳን ዙሪያውን ተሥለው ይታያሉ፤ ቀለማቸው ዛሬም ደማቅ ነው። ጸሎት አደረስሁ፤ የባልንጀራዬንም የክርስትና ስም ለካህኑ ነገርኋቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እመጣለሁ። ዓለት የወጣ ሁሉ እንደሚያውቀው መውረድ ከመውጣት ይከብዳል። ስትወጣ መያዣው ከፊትህ ስለሆነ ዐይንህ ይመራሃል። ስትወርድ ግን ፊትህን ወደ ዓለቱ አዙረህ ነውና እግርህን አታየውም፤ በባዶ ላይ ትዳብሳለህ። ከግድግዳው ጫፍ ስደርስ ረዳቶቹ ከላይ አንዲት እናት በማሻገር ላይ ነበሩ። በዚህ ጊዜ ከታች የባልንጀራዬን ድምፅ ሰማሁ። “ግራ እግርህን አውርድ፤ ትንሽ ወደ ቀኝ፤ ገና ነህ፤ ገና፤ አሁን አገኘኸው፤ ጣለው” አለኝ። ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀምጦ የሚወጣውንና የሚወርደውን ሁሉ ሲመለከት ስለ ቆየ፣ እያንዳንዱ ጎድጓድ የት እንዳለ ከእኔ ከወጣሁበት ይልቅ እርሱ ያውቅ ነበር። እርምጃ በእርምጃ እየነገረ አወረደኝ።

ወገኖቼ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያ ሳሙኤልን ምዕራፍ 30 ሳነብ በሌላ ዐይን ነው የማየው። አማሌቃውያን ጺቅላግን አቃጥለው ሴቶችንና ልጆችን ማርከው ሄዱ። ዳዊት ከስድስት መቶ ሰዎቹ ጋር ሲከተላቸው ከቦሦር ወንዝ ዘንድ ሁለት መቶዎቹ ደከሙና መሻገር አቃታቸው። ዳዊት አልሰደባቸውም፤ ጓዙን እንዲጠብቁ ትቷቸው ከአራት መቶዎቹ ጋር ሄደ። ድል ተደርጎ ምርኮው ሁሉ ከተመለሰ በኋላ ከሄዱት መካከል ክፉዎቹ፣ እነዚህ ከእኛ ጋር ስላልዘመቱ ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው ይሂዱ እንጂ ከምርኮው ምንም አይሰጣቸው አሉ። ዳዊት ግን ወንድሞቼ ብሎ ጠራቸውና፣ የዘመተውና ጓዝ የጠበቀው እኩል እንዲካፈሉ ፈረደ፤ ይህንንም ለእስራኤል ሥርዓት አደረገው።

በዚሁ ምዕራፍ ውስጥ በችኮላ የምናልፈው ሌላ ሰው አለ። ዳዊት በመንገድ ላይ አንድ ግብፃዊ ወጣት ወድቆ አገኘ፤ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት እህል ውሃ አልቀመሰም ነበር። የአንድ አማሌቃዊ አገልጋይ ነው፤ ስለ ታመመ ጌታው ጥሎት ሄደ። ዳዊት አበላው፣ አጠጣው፤ ያም ወጣት ወደ ጠላት ሰፈር መንገድ መራው። እንግዲህ ሁለት ዓይነት ወደ ኋላ መተው አለ ማለት ነው። አማሌቃዊውም ዳዊትም የደከመውን ሰው ከኋላቸው ትተው ሄደዋል። ነገር ግን አንዱ የተወውን ረሳው፤ ሌላው የተዋቸውን ሊያካፍላቸው ተመለሰ። የአማሌቃዊው ጥፋት የመጣውም ከተወው ሰው በኩል ነው።

ይህን ለምን ለእናንተ እንደምጽፍ ታውቃላችሁ። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ከ845 ሺህ በላይ ተማሪዎች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ ነበሩ፤ ከመቶ 3.2 መሆኑ ነው። ከቦሦር ማዶ ሁለት ሦስተኛው ተሻግሮ ነበር፤ ከእኛ ትውልድ የተሻገረው ግን ከመቶ ሦስትና አራት ሰው ነው። እኔ ከተሻገሩት መካከል ነኝ። በአንድ ወንበር ተቀምጠን ውዳሴ ማርያም ያጠናን፣ በአንድ መስመር ቆመን የዘመርን ልጆች ዛሬ አንዱ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዱ ጋራዥ፣ አንዷ ሱቅ፣ አንዷ የታመመች እናቷን ማስታመም ላይ ናቸው። ከእነዚህም ብዙዎቹ ጉባኤ መምጣት ትተዋል። ሃይማኖታቸውን ክደው አይደለም። ክረምት በመጣ ቁጥር ከዩኒቨርሲቲ የመጡትን ከፊት አስቀምጠን ስለምናጨበጭብና እነርሱን “ምን እየሠራህ ነው?” ብለን ስለምንጠይቅ ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ለተጠያቂው ግን እንደዚያ መንገደኛ ንግግር ነው።

ከእነዚሁ ልጆች አንዷ ግን ባለፈው ዓመት፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ከጸሎትም ከጾምም እየራቀ ለነበረ አንድ ወንድማችን በየሳምንቱ እሑድ ማታ ስልክ ትደውልለት ነበር። አትገሥጸውም፤ የዕለቱን ምስባክ ታነብለትና ሰላም ብላ ትዘጋለች። እርሱ የእግሩን መርገጫ የማያይበት ወቅት ነበር፤ እርሷ ከታች ሆና ታየዋለች። ዛሬ ያ ወንድም በሚማርበት ከተማ በግቢ ጉባኤ ያገለግላል። እርሷ አሁንም ሱቅ ትሸጣለች።

አባቶቻችን ስለ ደብረ ታቦር ሲያስተምሩ ሁለት ቃላት ይጠቀማሉ፤ ርእሰ ደብርና እግረ ደብር። ጌታችን ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ወደ ራስጌው ወጣ፤ ሌሎቹ በግርጌው ቀሩ። ጴጥሮስ በዚህ መሆን መልካም ነው ብሎ ዳስ ለመሥራት አሰበ፤ ጌታ ግን ይዟቸው ወረደ፤ ከታች የታመመ ልጁን የያዘ አባት እየጠበቀ ነበርና። ሊቃውንቱም በርእሰ ደብር ለነበሩት የተገለጠው ምሥጢር ከይሁዳ በቀር በእግረ ደብር ለነበሩትም ተገልጧል ይላሉ። ልጅ ሳለሁ ይህ ትምህርት ለቀሩት ማጽናኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን የሚመስለኝ ስለ ወጡትም የተነገረ ነው፤ ብርሃኑ ለእነርሱ ብቻ የተሰጠ ርስት አልነበረም።

የደብረ ታቦር በዓል ነሐሴ 13 ቀን ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት፣ ከዩኒቨርሲቲ የመጣ አንድ ሰው እዚሁ ከቆየ አንድ ሰው ጋር እየሆነ፣ ሁለት ሁለት ሆነን ጉባኤ ወደ ተዉት ቤት እንድንሄድ ለሥራ አመራሩ አሳስቤ ተፈቅዷል። ሙልሙል ይዘን እንሄዳለን፤ ስለ ፈተናና ስለ ሥራ አንጠይቅም። ከእነርሱ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በበዓሉ ዋዜማ መርሐ ግብር ላይ ንባቡን እንዲያነቡልን። የሃያ ሦስት ሰዎች ስም ዝርዝር ከጸሐፊዋ ዘንድ ይገኛል። እስከ ዛሬ በስማቸው አንጻር ሄያጅ የተመዘገበላቸው ዘጠኝ ናቸው፤ የአሥራ አራቱ ቦታ ባዶ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።