ይህን ማን ተከለው?



ምስጋና ሁሉ ለአላህ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዕለቱ ጁሙዓ ነውና ሶለዋት አብዙ። የዛሬዋ ጽሑፍ ከወትሮው ረዘም ስለምትል ታገሱኝ።

በዚህ ሳምንት አንድ ወንድም ከኮምቦልቻ ሁለት ፎቶ ልኮልኝ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «እናታችን ወደ አኺራ ከሄደች ይህ ሁለተኛው ክረምት ነው። ጓሮዋን ማንም አልነካውም። አሁን ቤቱን ልናከራይ ስለሆነ ግቢውን ሲሚንቶ የሚያለብስ ሠራተኛ ጠርተናል። ግን ከቧንቧው አጠገብ ማንም ያልዘራው ሁለት ዓይነት ተክል በቅሎ አገኘን። ታናሽ ወንድሜ ሁሉም አረም ነው፣ ይነቀል ይላል። እህቴ ደግሞ ምን እንደሆነ ሳናውቅ አትንኩ ብላ ቆማለች። ምንድን ናቸው? ብንነቅላቸውስ ችግር አለው?»

ጥያቄውን ሳነብ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ በሶሒሕ ሙስሊም የተዘገበው የኡሙ ሙበሺር ታሪክ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደዚች አንሷሪ ሴት የቴምር አትክልት ገቡና ዛፎቹን አይተው ማን እንደተከላቸው ጠየቋት፤ ሙስሊም ነው ወይስ ካፊር? ሙስሊም መሆኑን ነገረቻቸው። ያኔ ነው ሙስሊም ተክሎ ወይም ዘርቶ ሰው፣ እንስሳ ወይም ሌላ ፍጡር ከዚያ ቢበላ ለተካዩ ሶደቃ እንደሚሆንለት የተናገሩት። አስተውሉ፣ ዛፉ ፊታቸው ቆሟል፤ የጠየቁት ግን ስለ ተካዩ ነው። እኛ ጓሮ ገብተን «ይህ ምን ይጠቅማል?» እንላለን። «ማን ተከለው?» የሚለው ጥያቄ ብዙም ከአፋችን አይወጣም።

ለዚህ ወንድም ቶሎ መልስ አልሰጠሁትም። አላህ ለአባታችን ለአደም ስሞችን እንዳስተማረው በሱረቱል በቀራ ነግሮናል። የአንድን ነገር ስም ማወቅ ትንሽ ነገር አይደለም። የቀደሙት ሙስሊሞችም ይህን ዒልም አልናቁትም። በማላጋ ተወልዶ በ646 ሂጅሪ በደማስቆ ያረፈው ኢብኑል በይጣር ከአንዱሉስ ተነስቶ አገር ለአገር እየዞረ እጽዋትን በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ዳስሶ ነው የጻፈው። መጽሐፉ ከ1400 በላይ መድኃኒቶችንና ምግቦችን ይዘረዝራል። እኛ ደግሞ የገዛ ጓሯችንን ቅጠል ሳናውቅ እንነቅላለን፤ የባሰው ደግሞ ሳናውቅ እንቀምሳለን።

አንደኛው ተክል ቁመቱ ከጉልበት አይበልጥም። ወንድማችንን «ግንዱን በሁለት ጣትህ መሐል አሽከርክረው» አልኩት። እንደ እርሳስ አልሾር አለው፤ አራት ማዕዘን ነበር። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ። አበቦቹ በዘንጉ ዙሪያ በየደረጃው እንደ ቀለበት ተደርድረዋል። ደረቅ ያለውን የአበባ ጽዋ ሲከፍተው ውስጡ አራት ጥቃቅን ጥቁር ፍሬዎች ተቀምጠዋል። ይህ ሁሉ ተክሉን ከነናዕናዕ ወገን ያደርገዋል። ግን ዳማከሴም ከዚያው ወገን ነው፤ ምች ሲመታን እናቶቻችን ጨምቀው የሚያሸቱን ማለት ነው፤ የእሱም ግንድ ማዕዘን አለው። ዳማከሴ ግን እንጨትነት ያለው ቁጥቋጦ ነው፣ ይህኛው ለስላሳ ነው። «ጥቂት ፍሬ ውሃ ውስጥ ጨምር» አልኩት። ብዙም ሳይቆይ ፍሬዎቹ ዙሪያቸውን ዝልግልግ ያለ ነገር ለበሱ። «በል አሁን ቅጠሉን አሽተህ አሽትት።»

ያሸተተችው እህቱ ናት። «የእማ ሽሮ!» ብላ እዚያው ቁጭ አለች አለኝ።

በሶብላ ነው። እናታቸው በየዓመቱ ለበርበሬዋ፣ ለሽሮዋና ለምታነጥረው ቅቤ ትዘራው ነበር። በመጨረሻው ዓመት ታማ ስትተኛ አናቱን የሚቆርጥ ጠፋ። እዚያው ዘንጉ ላይ ደረቀና ፍሬው መሬት ወረደ። ልጆቹ የረሱትን ክረምቱ ቀሰቀሰው። ሱብሓነላህ! በሱረቱል አንዓም ውስጥ አላህ በመሬት ጨለማ ያለች አንዲት ቅንጣት እንኳ ከዕውቀቱ ውጭ እንደማትሆን ይነግረናል። ሱረቱል ዋቂዓ ደግሞ የምንዘራውን የምናበቅለው እኛ ነን ወይስ እሱ ብሎ ይጠይቀናል። አንድ ሰው «እኔ ነኝ» የሚል ሐሳብ ሽው ቢለው እንኳ፣ የሞተች ሴት በሶብላ ሲበቅል ምን ይላል?

ሁለተኛው ፎቶ ግን አስደነገጠኝ። ቅጠሉ ሰፋፊ፣ ዳሩ የተሸራረፈ፤ አበባው ነጭና እንደ ጡሩምባ የረዘመ፤ ፍሬው እንቁላል የሚመስል፣ ዙሪያውን እሾህ የወረረው። ቅጠሉ ሲታሽ ይከረፋል። አስተናግር ነው፤ አጤ ፋሪስ የሚሉትም አሉ። ስሙ ጠባዩን ይናገራል፦ የበላውን ሰው ያስለፈልፈዋል። ከሥሩ እስከ ፍሬው መርዝ ነው። የበላው አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ልቡ በኃይል ይመታል፣ የሌለ ነገር እያየ ይቃዣል፤ ሊሞትም ይችላል። ደረቁ ፍሬ ተሰንጥቆ በመቶ የሚቆጠር ጥቁር ዘር ያፈሳል። ዘሩ ከ30 ዓመት በላይ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ከቆየ በኋላም የሚበቅል ነው። በዚያ ግቢ ሁለት ትንንሽ ልጆች እንደሚጫወቱ ሲነግረኝ ስልክ ደወልኩለት፤ በጽሑፍ የሚያልቅ ነገር አልነበረም።

እናንተም ጓሮ ያላችሁ ልብ በሉ። ፍሬው ሳይፈነዳ በጓንት ወይም እጃችሁን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ከነሥሩ ንቀሉት። ዓይናችሁን አትሹ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። አታቃጥሉት፣ ጭሱም ይጎዳል። ከብት የሚደርስበት ቦታ አትጣሉት። ልጅ በልቶ ከሆነ ወይም ከተጠራጠራችሁ ወተት አጠጡት፣ ቅቤ ስጡት የሚለውን ትታችሁ ወዲያው ወደ ሐኪም ውሰዱት፤ የተክሉንም ቅንጣቢ ይዛችሁ ሂዱ። ይህን በጁሙዓ ጽሑፍ ምን አመጣው የሚል ካለ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከኢማን ቅርንጫፎች ዝቅተኛው ጎጂ ነገርን ከመንገድ ማስወገድ መሆኑን አስተምረዋል። ልጆች የሚጫወቱበት ግቢም መንገድ ነው። እናም ያቺን በሶብላ መጠበቅ ሶደቃ ከሆነ፣ ከጎኗ ያለውን አስተናግር መንቀልም ሶደቃ ነው። ሁለቱም ግን ከማወቅ በኋላ የሚመጡ ናቸው። ታናሽየው እንዳለው ሁሉም ቢነቀል የእናቱን ሶደቃ ይነቅል ነበር፤ እህቱ እንዳለችው ሳይመረመር ቢተው ደግሞ ልጅ ይጎዳ ነበር። አላህ በሱረቱል ኢስራእ ዕውቀት የሌለንን ነገር እንዳንከተል ከልክሎናል። በስልክ ላይ «ይህ ቅጠል ለአስም ፍቱን ነው» እያሉ አስተናግርን የሚያጨሱና የሚያስጨሱ ሰዎችም ይህን ቢያስቡ ጥሩ ነው።

ወደ በሶብላዋ ልመልሳችሁ። ቁርአን ረይሓንን በሱረቱ ረሕማንም በሱረቱል ዋቂዓም ያነሳዋል። ከሙፈሲሮች ረይሓን ሲሳይ ነው ያሉ አሉ፤ ሐሰኑል በስሪ ግን ይኸው እኛ የምናውቀው ረይሓን ነው ብለዋል። ኢብኑል ቀይም እንዳብራሩት ቃሉ መልካም ሽታ ያለውን ተክል ሁሉ ያቅፋል፤ ከዚያ እያንዳንዱ አገር በለመደው ተክል ላይ ያውለዋል። የመግሪብ ሰዎች አስ የሚባለውን ተክል ሲሉበት፣ የዒራቅና የሻም ሰዎች ሐበቅን ይሉበታል፤ ይኸውም የኛ በሶብላ ወገን ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ረይሓን የተሰጠው ሰው እንዳይመልሰው አዘዋል፤ ለመያዝ ቀላል፣ ሽታውም መልካም ነውና። በሶብላ ለጎረቤት የምታቀብሉ እናቶች፣ ሳታውቁት ስንቱን ሐዲስ ስትሠሩበት ኖራችኋል!

አሁን ዋናው ጥያቄ ይመጣል። ያቺ እናት ይህችን ተክል በእጇ አልዘራቻትም። የዘራችው አያቷን ነው ልንል እንችላለን። ታዲያ አጅሩ ይደርሳታል? ኢማም ነወዊ (ረሒመሁላህ) ሶሒሕ ሙስሊምን ሲያብራሩ፣ የተካዩና የዘሪው አጅር ተክሉና አዝመራው፣ ከእሱም የሚወለደው እስካለ ድረስ እስከ ቂያማ ቀን እንደሚቀጥል ጽፈዋል። «ከእሱም የሚወለደው» የምትለውን ያዙልኝ። ሴትየዋ ቀብር ውስጥ ናት፤ ድንቢጥ ከቧንቧው ሥር ፍሬ ትለቅማለች፤ አጅሩ ይጻፋል፣ በአላህ ፈቃድ። ልጆቿ ደግሞ በዚያው ሰዓት ሲሚንቶ በካሬ ስንት ይፈጃል እያሉ ይሰላሉ! አልፈርድባቸውም፤ ኪራዩም ሐላል ሲሳይ ነው። ግን ማወቅ ነበረባቸው፤ አልሐምዱሊላህ አወቁ።

የፊቅህ ጥያቄው ይቀረናል፤ ነቅሎ መጣል ይቻላል ወይ? ፉቀሃዎች ማንም ሳያስበው ስለሚበቅል ዘር ሳይቀር ተነጋግረዋል። በመድረሳዎቻችን የሚቀራውን የነወዊን ሚንሃጅ የቀራችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ስለ ዓሪያ፣ ማለትም ስለ ውሰት፣ በሚያወራው ክፍል ነው። ጎርፍ የአንድን ሰው ዘር ተሸክሞ ወደ ሌላ ሰው መሬት ቢያስገባውና ቢበቅል ተክሉ የዘሩ ባለቤት ነው። በሻፊዒዮች ዘንድ ይበልጥ ትክክል በተባለው አስተያየት ባለቤቱ እንዲነቅለው ይገደዳል። ሐንበሊው ኢብኑ ቁዳማ ግን በደል ስላልፈጸመ መንቀል አይገደድም ይላሉ። የሚንሃጅ አብራሪዎችም ባለቤቱ ትቶት የሄደ ነገር ከሆነ የባለ መሬቱ ነው ብለው ይጨምራሉ። ለአንዲት የጎርፍ ዘር ይህን ያህል! እኛ የወንድማችንን ድርሻ በቀላሉ ስንወስድ ይህ ትዝ ይበለን።

በኮምቦልቻው ግቢ ጉዳዩ ቀላል ነው። ዘሩም መሬቱም የእናታቸው ነበር፣ አሁን የወራሾቹ ሁሉ ነው። ስለዚህ ታናሽየው ብቻውን «ይነቀል» ማለት አይችልም፣ እህቱም ብቻዋን «ይቆይ» ማለት አትችልም። ተቀምጠው ተመካከሩ፤ ከቧንቧው አጠገብ አንድ እርምጃ ያህል መሬት ሲሚንቶ ሳይለብስ እንዲቀር ተስማሙ። ተከራዩም ከተክሏ መቁረጥ እንደሚችል ይነገረዋል። ከሁሉም በላይ ደስ ያለኝ ይኸው ነው፤ የማያውቃት ሰው ከሽሮው ጋር አጅሯን ያበስላል።

ይህ ነገር ከጓሮም ይወጣል። መስጂድ የኋላ ሰፍ ላይ የሚቆም አንድ ወጣት ታያላችሁ፤ ለዓመታት ጠፍቶ ኖሮ ድንገት የመጣ፣ ፀጉሩም ሱሪውም ለዓይናችሁ የማይጥማችሁ። «ይኼ ደግሞ ከየት በቀለ?» እንላለን። ፋቲሓን ግን አሳምሮ ይቀራል። ማን አስተማረው? ምናልባት ከሃያ ዓመት በፊት በሞቱ አያቱ ጉልበት ላይ ተቀምጦ ነው የያዛት። ሰው ሲሞት ከማይቋረጡለት ሦስት ሥራዎች አንዱ የሚጠቅም ዕውቀት አይደል? እና ያንን ልጅ በክፉ ዓይን አይተን ብናባርረው የማንን ተክል ነው የነቀልነው? ከ30 ዓመት በኋላ የሚበቅለው አስተናግርም በዚሁ በኩል ያስፈራኛል። በአንድ ቤተሰብ መሐል የተጣለች የሐሜት ቃል ተናጋሪዋ ሞታ የልጅ ልጆቿን ታኮራርፋለች። መጥፎ ፈለግ የጀመረ ሰው የተከተሉትም ሸክም እንደሚደርስበት በሐዲስ ተነግሮናል። እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ የወጣ ሰው ፍሬው ሳይፈነዳ ዛሬውኑ ሄዶ አውፍ ይበለኝ ይበል።

በሶብላ ያላችሁ፣ አናቱ ቡናማ ሲሆን ቆርጣችሁ በጥላ አድርቁት። በእጃችሁ አሽታችሁ ንፉትና ፍሬውን በደረቅ ጨርቅ ቋጥሩ። ለጎረቤት ስትሰጡ ከማን የመጣ ዘር እንደሆነ ንገሩ። «የእማማ ነበር» ሲባል የሚቀበለው ሰው «አላህ ይዘንላቸው» ማለቱ አይቀርም፤ ያቺ ዱዓ ደግሞ ሌላ ናት።

በጁሙዓ ዱዓ ተቀባይነት የምታገኝባት ሰዓት አለች፤ ብዙ ዑለማዎች ከዐስር በኋላ ባለችው የመጨረሻ ሰዓት ናት ይላሉ። ዛሬ በዚያች ሰዓት ጓሯችሁን፣ መድረሳችሁን፣ የሰፈራችሁን የውሃ ጉድጓድ አስቡና ማን ተክሎት፣ ማን ቆፍሮት እንደሄደ የምታውቁትን በስም ጥሩ።

ያ አላህ! ለተከሉልንና ላስተማሩን፣ ስማቸውን ለያዝነውም ለረሳነውም እዘንላቸው፤ ቀብራቸውን አስፋላቸው፣ ረይሓንንም አሽትታቸው። ኣሚን።