ቧንቧውን የማይጥል ጠጋኝ

ምንባብ፦ 2ኛ ዜና መዋዕል 34፥8–13



ንጉሥ ኢዮስያስ በነገሠ በዐሥራ ስምንተኛው ዓመት የተጎዳውን የእግዚአብሔርን ቤት ለማደስ አሰበ። ገንዘብ ተሰበሰበ፤ ለአናጢዎችና ለግንበኞች ተከፈለ፤ ድንጋይና እንጨት ተገዛ፤ ሠራተኞቹም ያለ ተንኰል ሠሩ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ግን አንባቢ ቸኩሎ የሚያልፈው አንድ ነገር አለ። በሠራተኞቹ ላይ የተሾሙት ሌዋውያን ሲሆኑ፥ ከእነርሱ ጋር የዜማ ዕቃ ዐዋቂዎች እንደ ነበሩ ተጽፏል። ድንጋይ ለሚሸከም ሰው አለቃው ባለ ዜማ የሆነው ስለ ምንድር ነው? እኛስ እንዲህ እናስባለን፤ ቤቱ የሚታደሰው ምስጋና እንዲሰማበት ነውና፥ ጥገናውን ሊመራ የሚገባው ዓይኑ ብቻ ሳይሆን ጆሮውም የሠለጠነ ሰው ነው።

ይህን በሚገባ ለማስተዋል፥ በዘመናችን ባለ ቧንቧ ኦርጋን የሚሠሩትንና የሚጠግኑትን ባለሙያዎች እንመልከት። ስሙ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በዐሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ከድርሰቶቻቸው አንዱን አርጋኖን ብለው ሰይመውታል። በ1520 በፈረንጅ አቆጣጠር የፖርቱጋል መልእክተኞች ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ሲመጡ፥ ካመጡት ገጸ በረከት መካከል ኦርጋን ነበረበት፤ የሚመታውም ሰው አብሮ መጥቶ ነበር። ነገር ግን ከዚያ ስጦታ የኦርጋን ሥራ በአገራችን ሥር ሰድዶ አልበቀለም። ዕቃ በአንድ ቀን ይሰጣል፤ ሙያ ግን ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በብዙ ዓመት ይተላለፋል። በጀርመን አገር 50,000 ያህል ኦርጋኖች የሚገኙ ሲሆን፥ እነርሱን የሚሠሩና የሚጠብቁ 400 ያህል የሥራ ቤቶች አሉ። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት በ2017 በፈረንጅ አቆጣጠር በሰው ልጅ ቅርስ መዝገብ የጻፈው ይህን ሙያ ከነዜማው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከሥሩ አንጥረኛ እሳቱን እንደሚያናፋበት ያለ፥ ከእንጨትና ከቆዳ የተሠራ ወናፍ አለ፤ ዛሬ ነፋሱን የሚሞላው ብዙውን ጊዜ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ነፋሱ ወደ ታላቅ የእንጨት ሣጥን ይገባል። በሣጥኑም ላይ ቧንቧዎች በተራ ቆመዋል፤ አንዳንዶቹ የእንጨት፥ የሚበዙት ግን የቆርቆሮና የእርሳስ ቅልቅል ናቸው። መቺው ጣቱን ባሳረፈ ጊዜ ከቧንቧው በታች ያለች ትንሽ መዝጊያ ትከፈታለች፤ ነፋሱ ይገባል፥ ቧንቧውም ይናገራል። ረጅሙ ወፍራም ድምፅ፥ አጭሩ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። እያንዳንዱ ቧንቧ አንድ ድምፅ ብቻ አለው፤ ያ አንዱ ዝም ካለ መዝሙሩ በዚያ ቦታ ይጎድላል። ቧንቧው በወርቅ ቢለበጥ እንኳ ነፋስ ካልገባበት ዲዳ ነው። አዳምም ከአፈር በተበጀ ጊዜ አካሉ ምሉዕ ነበረ፤ ሕያው የሆነው ግን የእግዚአብሔር እስትንፋስ በገባበት ጊዜ ነው።

እንግዲህ ጠጋኙ የተጎዳውን ኦርጋን እንዴት ያነሣዋል? በፓሪስ ከተማ በኖትር ዳም ቤተ ክርስቲያን የሆነውን እናስታውስ። በ2019 በፈረንጅ አቆጣጠር ኤፕሪል 15 ቀን ጣራው በእሳት ተቃጠለ። ካቫዬ ኮል የሚባለው ታላቅ ሠሪ በ1868 ያደሰው፥ 8,000 ያህል ቧንቧዎች ያሉት ኦርጋን ግን አልተቃጠለም። እሳቱ አልደረሰበትም፤ ነገር ግን ከጣራው የወረደው የእርሳስ ትቢያ ሸፈነውና ዝም አለ። በ2020 ባለሙያዎች ቧንቧዎቹን እየፈቱ አወረዱ፤ ወደየሥራ ቤታቸው ወስደው አጸዱ፤ በኋላም እያንዳንዱን ወደ ስፍራው መለሱ። ከእነርሱም መካከል ቤርትራን ካቲዮና ፓስካል ኯሪን የታወቁ ናቸው። በመጨረሻ በ2024 ለወራት ያህል፥ የግንበኞቹ መዶሻ ዝም ባለበት በሌሊት፥ ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ እየሰሙ ቃኙ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 7 ቀን ቤተ ክርስቲያኑ ሲከፈት ሊቀ ጳጳሱ ኦርጋኑን ስምንት ጊዜ ጠሩት፤ እርሱም ስምንት ጊዜ መለሰ።

ከዚህ የሚበልጥም ነገር በቅድስቲቱ አገር ተደርጓል። በመስቀል ጦርነት ዘመን ወደ ቤተ ልሔም የመጣ ኦርጋን ነበረ። ክፉ ቀን በመጣ ጊዜ ቧንቧዎቹ ተቀበሩ፤ በ1906 በፈረንጅ አቆጣጠር ለእንግዶች ማረፊያ መሠረት ሲቆፈር 222 ቧንቧዎች ተገኙ። በ2025 ባለሙያዎች ከእነዚህ አንዳንዶቹን በኢየሩሳሌም በነፋስ ፊት ቢያቆሟቸው ድምፅ ሰጡ። ስምንት መቶ ዓመት ያህል በአፈር ውስጥ ኖረው ድምፃቸውን አልረሱም። የጥንቶቹ ሠሪዎች የእያንዳንዱን ድምፅ ምልክት በብረቱ ላይ ቧጭረው ጽፈው ነበርና፥ ጠጋኙ ምልክቱን አንብቦ ስፍራውን ዐወቀ። የማይናገሩትን በሚመስሉ አዳዲስ ቧንቧዎችም የጎደለውን ሞላ፤ ነገር ግን አዲሱን ከአሮጌው አጠገብ አቆመው እንጂ አሮጌውን አልጣለውም።

ተወዳጆች ሆይ፤ ይህን ሁሉ የምንናገረው ለብረትና ለእንጨት ተጨንቀን አይደለም። አሁን ልባችሁን ወደ ካርቱም ከተማ፥ ዐማራት ወደሚባለው ሰፈር መልሱ። በካርቱም በ1912 የተቀደሰው የቅዱሳን ሁሉ ካቴድራል በ1971 ከምእመናኑ እጅ ተወሰደ። እነርሱም መዝሙራቸውን ይዘው ወጡ፤ በ1983 በዐማራት አዲስ ካቴድራል ተከፈተላቸው። ደግሞም የኖትር ዳም ጣራ በተቃጠለበት በዚያው ዕለት፥ በ2023 ኤፕሪል 15 ቀን፥ በካርቱም ጦርነት ተነሣ። ታጣቂዎች ወደ ዐማራት ገቡ፤ ካቴድራሉንም ሰፈራቸው አደረጉት፤ ምእመናኑ ተበተኑ። በዚያች ከተማ ለብዙ ዘመን በስደት የኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ብዙዎች ናቸው። ከእነርሱ አያሌዎች ልጆቻቸውን አዝለው፥ ያላቸውን ጥለው፥ በመተማ በኩል ወደ አገራችን ገቡ። በባቢሎን ወንዞች አጠገብ በገናቸውን በዛፍ ላይ የሰቀሉትን ሰዎች ታሪክ ስናነብ ሩቅ ይመስለን ነበር፤ እነሆ፥ ከዓባይ ወንዝ ዳር የመጡት በደጃችን ቆመዋል።

እነዚህ ሰዎች በጉባኤያችን መካከል ተቀምጠዋል፤ ነገር ግን አይዘምሩም። ጥይት ስቷቸዋል፤ ትቢያው ግን ሸፍኗቸዋል። እኛስ ምን እናደርጋለን? አንዳንዶቻችን በመጀመሪያው እሑድ አስነሥተን ምስክርነት እንዲሰጡ እንጠይቃለን፤ ዝም ቢሉ እምነታቸው ደከመ እንላለን። ሌሎቻችን ቀድሞስ ለምን ሄዱ ብለን እንፈርዳለን። ይህ ግን የቧንቧው አፍ በትቢያ ተደፍኖ ሳለ ለምን አትጮኽም ብሎ በመዶሻ እንደ መምታት ነው፤ ብረቱ ይጣመማል እንጂ ድምፅ አይወጣም።

የጠጋኙን ሥርዐት እንማር። ጠጋኝ አስቀድሞ ይሰማል፤ ምን እንደ ተጎዳ ሳያውቅ እጁን አያሳርፍም። እኛም ከመምከራችን በፊት እንስማ፤ ሌሊቱ ቢረዝምም፥ ታሪኩ ሁለትና ሦስት ጊዜ ቢደጋገምም እንስማ። ጠጋኝ ቀጥሎ ትቢያውን ይጠርጋል፤ የወንድማችን ትቢያ የቤት ኪራይ፥ የልጅ ትምህርት፥ የጠፋ ወረቀት ሊሆን ይችላል፤ ይህን መጥረግ የዲያቆናት ብቻ ሳይሆን የሁላችን ሥራ ነው። ጠጋኝ ደግሞ ወናፉን ሳያድስ አይቃኝም፤ እኛም የእግዚአብሔርን ቃልና ጸሎትን በሸክም ሳይሆን በፍቅር እናቅርብ፤ ነፋሱ የመንፈስ ቅዱስ እንጂ የእኛ አይደለምና። ቅኝት የመጨረሻው ሥራ ነው፤ እርሱም ጸጥታን ይፈልጋል። አየር ሲሞቅ የቧንቧ ድምፅ ከፍ ይላል፥ ሲበርድም ዝቅ ይላል፤ ይህን የሚያውቅ ቃኚ በቧንቧው አይቈጣም። በካርቱም ሐሩር የኖረ ሰው በደጋው ብርድ ድምፁ ከእኛ ጋር ወዲያው ባይገጥም አይግረመን።

ነገር ግን አንዱ ይጠይቃል፤ የማይመለሰውስ? በመንገድ የቀረው ልጅ፥ በካርቱም የተቀበረች እናት፥ እንዴት ይጠገናሉ? ለዚህ ጥያቄ ቀላል መልስ አንሰጥም። ጠጋኙ አዲሱን ቧንቧ ከአሮጌው አጠገብ ሲያቆም አዲሱ አሮጌውን ነው አይልም። እኛም ለተከዘው ሰው፥ ሌላ ይተካል፥ አትዘን አንበል። አጠገቡ እንቁም፤ እስኪነጋም ድረስ እንቈይ። ሙታንን የሚያስነሣ እርሱ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ለተቀበረው ሁሉ ምልክቱን ያውቃል። ኢየሱስ ክርስቶስ ራሱ ዝም ተባለ፥ ተቀበረም፤ በሦስተኛውም ቀን በሐዘንተኛዋ ሴት ፊት ቆሞ በስሟ ጠራት፤ ድምፁንም ዐወቀችው። ነቢዩ ኢሳይያስ ስለ እርሱ አስቀድሞ እንደ ተናገረ፥ የተጎዳውን ሸምበቆ ጨርሶ የሚሰብር አይደለም።

ስለዚህ ምእመናን ሆይ፥ ከኢዮስያስ ዘመን ሌዋውያን ጋር እንቈጠር። በየከተማው የፈረሱትን ቤቶች የሚሠሩ ግንበኞች ይገኛሉ፤ ገንዘብም ይሰበሰባል፤ በዐማራትም ግድግዳው እንዲታደስ ተስፋ እናደርጋለን። ነገር ግን የተጎዳውን ሰው ድምፅ የሚያውቅ ጆሮ በገንዘብ አይገዛም። በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችን ከስደት ተመልሶ ዝም ያለ አንድ ሰው በአጥቢያችን እንፈልግ፤ ወደ ቤቱ እንሂድ፤ አስቀድመንም እንስማው።

እንጸልይ። እስትንፋስን የሰጠኸን አምላክ ሆይ፥ በካርቱምና በየስደቱ ለተበተኑት ልጆችህ ሰላምህን ላክ፤ ትቢያ የሸፈናቸውን አንሣ፤ ለእኛም የሚሰማ ጆሮና የማይቸኩል እጅ ስጠን፤ አንድ ድምፅ እንኳ ሳይጎድል በመንግሥትህ በአንድነት እንድናመሰግንህ፥ በልጅህ በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም። አሜን።