«በሞቴ ብላ» ስንል

በእኛ ዘንድ «በሞቴ» ማለት ፍቅር ነው። አርባ ምንጭ ላይ ዓሣ ይቅረብ፣ ዶርዜ ላይ ቆጮ በዳጣ፣ «ጠገብኩ» ያለ ሰው ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይለመናል። ልማዱን እወደዋለሁ። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ሰውነቱ ሊሸከመው የማይችለውን በግድ ስንሰጠው ያም ፍቅር ነውን?

ይህን የምጠይቀው ከካንሰር ቀዶ ሕክምና የተመለሱ ወገኖቻችንን እያሰብኩ ነው። የምግብ ቧንቧ ካንሰር በአገራችን፣ በተለይም በአርሲና በባሌ፣ በብዛት ይታያል። ከእኛ ወደ ሰሜን፣ በወላይታ የሚገኘው የሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታልም እንዲህ ያሉ ሕሙማንን ያክማል። ብዙዎች የሚመጡት ጠጣር ምግብ መዋጥ ካቃታቸው በኋላ ስለሆነ ቀዶ ሕክምናው ለሁሉም አይሆንም። ለሚሆንለት ግን ሐኪሞች የታመመውን ቧንቧ ያወጡና ጨጓራውን እንደ ቱቦ አጥብበው፣ በደረቱ ውስጥ ወደ ላይ ስበው ከቀረው ቧንቧ ጋር ይሰፉታል። ጨጓራው ራሱ በሙሉ ከወጣ ደግሞ ትንሹ አንጀት በቀጥታ ከምግብ ቧንቧው ጋር ይገጠማል። እ.ኤ.አ. በ1881 ቪየና ውስጥ ቢልሮት የተባለ ሐኪም የአንዲትን ሴት ጨጓራ የታመመ ክፍል ቆርጦ የቀረውን ከአንጀቷ ጋር አገናኘ። ሴትዮዋ እንደገና መብላት ቻለች፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን በሽታው ተመልሶ ሞተች። ዛሬ ከዚያ በላይ ረጅም ዕድሜ የሚያገኙ አሉ።

አዲሱ መንገድ ግን እንደ ቀድሞው አይደለም። ምግብ የሚያጠራቅመው ሰፊ ከረጢት የለም። ስለዚህ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ፣ በጥቂት በጥቂቱ መብላት ግድ ነው። ብዙ ምግብ ወይም ጣፋጭ ነገር ፈጥኖ ወደ አንጀት ሲወርድ ያልባቸዋል፣ ልባቸው በፍጥነት ይመታል፣ ያዞራቸዋል። ምግብ ወደ ላይ እንዳይመለስ የሚዘጋው በር ስለሌለም በልተው ወዲያው ጋደም አይሉም፤ ሌሊት ትራሳቸውን ከፍ ያደርጋሉ። ረሃቡ እንኳ እንደ ድሮው ላይሰማቸው ይችላል፤ የሚበሉት ሰዓት አይተው ነው።

እንዲህ ያለ ወንድም ከኅብረታችን ማዕድ ሲቀመጥ «ከስተሃል እኮ፣ ብላ!» እንለዋለን፤ ጉርሻ እንደጋግማለን። እምቢ ሲል ደግሞ «ጌታ ፈውሶህ የለም እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ይህ ንግግር ያመኛል። ፈውስ ማለት የቀድሞውን ያህል መብላት ነው ያለ ማን ነው?

በ1ኛ ነገሥት 19 ላይ ኤልያስን ተመልከቱ። ደክሞ በተኛበት መልአኩ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በልቶ ጠጥቶ ተመልሶ ሲተኛ አልተቆጣውም፤ ቆይቶ ሁለተኛ ጊዜ መጣ። የሚጠብቀውን መንገድና የሰውየውን አቅም ያውቅ ነበርና።

«ካልለመንነው የናቅነው ይመስለዋል» የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፤ እንዲያውም ከማዕዱ ጭራሽ መተው ከማስገደድም ይብሳል። ስለዚህ ጥሩት፣ ግን ራሱ ይቁረስ። የጾም ጸሎት ሲታወጅም በጸሎቱ ይተባበራችሁ፣ ምግቡን ግን በሰዓቱ ይብላ። ድርሻውንም ክደኑና አስቀምጡለት፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይፈልገዋል።