ዝናቡ ወዴት ይሂድ?

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ዝናብን ለምድር ሕይወት አድርጎ ያወረደ፣ ተራሮችንም ያጸና እርሱ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሐቦቻቸው ላይ ይውረድ። የአላህ ባሮች ሆይ! ራሴንም እናንተንም አላህን እንድንፈራ አደራ እላለሁ።

አማ ባዕድ፤

ሐምሌ 15 ቀን 2016፣ ሰኞ ማለዳ። በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ በሚባለው ቀበሌ በዝናብ የራሰ ተራራ ተንዶ ቤቶችን ከነሰዎቻቸው ቀበረ። ጩኸቱን የሰማ ሁሉ ከየመንደሩ ሮጠ። አካፋ ያለው በአካፋ፣ የሌለው በባዶ እጁ ጭቃውን ይዝቅ ጀመር። የቀበሌው አስተዳዳሪ ሳይቀሩ እዚያው ነበሩ። ጎረቤት ጎረቤቱን ሊያወጣ ሲቆፍር ተራራው ዳግመኛ ተናደና ለማዳን የመጡትንም ቀበራቸው። ሟቾቹ ከ250 በላይ ሆኑ፤ ብዙዎቹ ሌላውን ለማዳን የሮጡ ነበሩ።

እንዲህ ያለ መከራ በወረደ ቁጥር «ምን ሠርተው ይሆን?» የሚል ሰው አይጠፋም። ከዚህ ንግግር አላህ ምላሳችንን ይጠብቅልን! በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የሞተ ሕፃን ምን ሠራ? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የአንድ አይሁዳዊ ጀናዛ ሲያልፍ ተነሥተው ቆመዋል፤ ሶሐቦች ሟቹ አይሁዳዊ መሆኑን ሲነግሯቸውም እርሱም ነፍስ መሆኑን አስታወሷቸው። በኬንቾ ሻቻ የሞቱት አብዛኞቹ ከእኛ ጋር ሰፍ ገብተው የሚሰግዱ አልነበሩም። ቢሆንም ሐዘናቸው ሐዘናችን ነው። ከሙእሚኖች መካከል ደግሞ በውሃ ሰጥሞ የሞተውንና ፍርስራሽ ተንዶበት የሞተውን ረሱል ከሸሂዶች ቆጥረዋቸዋል። ሸሂድ ያሉትን ሰው እኛ የተረገመ ልንለው ምን ሥልጣን አለን?

የሞቱትን ለጌታቸው እንተው። ጥያቄው ለእኛ ለቀረነው ነው።

በመዲና አንድ ጁምዓ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ኹጥባ እያደረጉ ሳለ አንድ የገጠር ሰው ገባ። ከብቱ አልቋል፣ ቤተሰብ ተርቧል፣ ዱዓ ያድርጉልን አለ። እጃቸውን አነሡ። በሰማዩ ላይ ቁራጭ ደመና አልነበረም። ከሚንበሩ ሳይወርዱ ግን ዝናቡ በጢማቸው ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ዘነበ። በሚቀጥለው ጁምዓ ያው ሰው ወይም ሌላ ሰው ተነሣና ቤቱ ፈረሰ፣ ንብረቱ ሰጠመ ብሎ አቤት አለ። ረሱል ዝናቡ ጭራሽ ይጥፋ ብለው አልለመኑም። ከላያቸው ተነሥቶ በዙሪያቸው እንዲወርድ፣ ወደ ኮረብታው፣ ወደ ሸለቆው ሆድና ዛፍ ወደሚበቅልበት ቦታ እንዲሄድ ለመኑ።

ጀመዓዎች! ይህችን ዱዓ ክረምቱ ባየለ ቁጥር እናደርጋታለን። እንግዲህ ልጠይቃችሁ፤ ዝናቡ ዛሬ ወደተባለበት ቢሄድ ምን ያገኛል? ኮረብታው ተመንጥሯል። ዛፍ ይበቅልበት የነበረው ቦታ ከሰል ሆኖ በማዳበሪያ ተሞልቶ ተሽጧል። በሸለቆው ሆድ ውስጥ ቤት ሠርተንበት ልጆቻችንን አስተኝተናል። ረሱል ዝናቡን የላኩበትን ቦታ እኛ አጥፍተን፣ እጃችንን ዘርግተን ወዴት ይሂድ ነው የምንለው?

የዛፍ ሥር አፈሩን ሰቅዞ ይይዛል፤ ቅጠሉም የዝናቡን ኃይል ይሰብራል። ዛፉ ሲቆረጥ ሥሩ ወዲያው አይለቅም፤ ከመሬት በታች ቀስ እያለ ይበሰብሳል። ስለዚህ የቆረጠው ሰው ለዓመታት ምንም አያይም። ከዚያ ረጅም ዝናብ ይመጣል፣ ውሃው በአፈሩ ውስጥ ይሞላል፣ አፈሩ ይከብዳል፣ ከሥሩ ያለውን አለት የያዘበት ጉልበት ይላላል፤ ተራራውም በአንድ ሌሊት ይወርዳል። መቁረጡና መናዱ ተራርቀው ስለሚመጡ ማንም ራሱን አይጠይቅም። አላህ ግን በሁለቱ መካከል ያለውን ዓመት ሁሉ ያውቃል።

አብዛኛው ሕዝቧ ሙስሊም በሆነችው በሴራሊዮን እ.ኤ.አ. ነሐሴ 14 ቀን 2017 የሆነውን አስቡ። ከዋና ከተማዋ ከፍሪታውን በላይ ያለው የሹገር ሎፍ ተራራ ገና ሲነጋ ተናደ። የሞቱትና የደረሱበት ያልታወቀው ከ1,100 በላይ ነበሩ። ዝናቡ ከልማዱ እጅግ የበዛ ነበር፤ እውነት ነው። ነገር ግን ተራራው ተመንጥሮ፣ በገደሉ ላይ ቤት በቤት ላይ ተደራርቦ ነበር።

ድሬዳዋንስ ማን ይረሳል? በሐምሌ 1998 መጨረሻ፣ ከተማው ተኝቶ ሳለ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎችን ወሰደ። በጋውን ሙሉ አሸዋ ብቻ ሆኖ የሚታይ ወንዝ ነው። በደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ በዚያ አሸዋ ላይ በሌሊት ደረሰ። በወንዙ አፋፍ የሰፈረውን ድሃ አልወቅስም። ሌላ መሬት ቢያገኝ ልጆቹን ጎርፍ መንገድ ላይ የሚያስተኛ አባት የለም። የምወቅሰው ያንን መሬት ሸንሽኖ የሸጠለትን፣ ብሩን ተቀብሎ ክረምት ሲገባ ዞር ብሎ ያላየውን ነው። ያ ገንዘብ ሐላል ነው የሚል ካለ ነገ በአላህ ፊት ይናገረው።

አንዳንዱ ይህን ሁሉ ሰምቶ «ቀደር ነው» ይላል። አዎን፣ ቀደር ነው፤ በቀደር ማመን ከኢማን ማዕዘናት አንዱ ነው። ግን ኡመር ኢብኑል ኸጧብን (ረ.ዐ) አስታውሱ። ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ ከአላህ ቀደር መሸሽ ነውን ብለው ጠየቋቸው። የኡመር መልስ ከአንዱ የአላህ ቀደር ወደ ሌላው የአላህ ቀደር እንደሚሸሹ ነበር። ሰበብን መያዝ ራሱ ከቀደር ነው። ቀደርን የስንፍና መሸፈኛ ማድረግ በአላህ ላይ መዋሸት ነው።

የሊቢያዋ ደርና ለዚህ ምስክር ናት። ከከተማዋ በላይ በሸለቆው ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠሩ ሁለት ግድቦች ነበሩ። ጥገና እንደሚያሻቸው ለዓመታት ይታወቅ ነበር። የኡመር አል-ሙኽታር ዩኒቨርሲቲ አንድ የውሃ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2022 ጽፈው አስጠነቀቁ። ሰሚ አላገኙም። እ.ኤ.አ. መስከረም 2023 ዳንኤል የተባለው ማዕበል መጣ፤ በአል-በይዳ በ24 ሰዓት ከ400 ሚሊ ሜትር በላይ ዘነበ። በሌሊት ሁለቱም ግድቦች ተሰበሩ፤ ውሃው ሰፈሮችን ነቅሎ ወደ ባሕር ወሰደ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሙስሊሞች በመኝታቸው አለቁ። የዓለም ሜትዎሮሎጂ ድርጅት ኃላፊ የሚሠራ የማስጠንቀቂያ አገልግሎት ቢኖር አብዛኛው ሞት ይቀር እንደነበር ተናገሩ። በዓመቱ ፍርድ ቤት 12 ባለሥልጣናትን ከ9 እስከ 27 ዓመት እስራት ቀጣ። ማዕበሉን የላከው አላህ ነው፤ ግድቡን የማስጠገን አማና ግን በሰው እጅ ነበር።

ይህን ብዬ ለራሴም ለእናንተም የአላህን ምሕረት እለምናለሁ፤ ምሕረቱን ለምኑት።

ሁለተኛው ኹጥባ

ምስጋና ለአላህ፤ ሰላትና ሰላም በረሱሉ ላይ ይሁን።

ሰበብ ሲያዝ ምን እንደሚሆን ደግሞ ከባንግላዴሽ እንማር። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1970 የቦላ አውሎ ነፋስ ባሕሩን በምድሩ ላይ አውጥቶ ቢያንስ 300 ሺህ ሰው ገደለ። አገሪቱ ያን ጊዜም ድሃ ነበረች፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ ድሃ ሆና ቆየች። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1972 ከቀይ መስቀል ጋር የበጎ ፈቃደኞች ሥርዓት ዘረጋች። ዛሬ ከ70 ሺህ በላይ ሲሆኑ ግማሽ ያህሉ ሴቶች ናቸው። ማዕበል ሲቃረብ ባንዲራ ይሰቅላሉ፣ ድምፅ ማጉያ ይዘው በየቤቱ ይዞራሉ፣ አረጋውያንን ይሸከማሉ። በመስጂዶቹም ለአዛን የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ለማስጠንቀቂያ ይውላል። እ.ኤ.አ. በ2020 አምፋን የተባለው ብርቱ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ወደ መጠለያ ወጡ፤ በባንግላዴሽ የሞቱት መቶ እንኳ አልሞሉም። ከ300 ሺህ ወደዚያ! ባሕሩ ያው ባሕር ነው፤ ያን ሁሉ ነፍስ አላህ በእነዚያ ሴቶችና ወንዶች እግር ሰበብነት አዳነ።

የእኛ መስጂድም ድምፅ ማጉያ አለው። የመስጂዱ ኮሚቴ ወንዝ ዳርና ገደል ሥር የሚኖሩትን ቤተሰቦች ከወጣቶቻችን ጋር እየዞረ ይወቃቸው። መራመድ የማይችል ማን ቤት እንዳለ፣ በሌሊት ማን እንደሚያነሣው ከአሁኑ ይታወቅ። ሙስሊም ነው፣ ክርስቲያን ነው ብላችሁ አትለዩ፤ ጎርፉ አይለይም፣ የጎረቤት ሐቅም አይለይም።

ተዳፋት ላይ የምትኖሩ ደግሞ ይህን ለቤተሰቦቻችሁ ንገሩ። መሬቱ ከተሰነጠቀ፣ ዛፍና ምሰሶ ካዘመመ፣ ጥርት ያለው ምንጭ ከደፈረሰ ወይም ባልነበረበት ውሃ ከፈለቀ፣ በር ያለ ምክንያት አልዘጋ ካለ፣ ዕቃ ሳትሰበስቡ ውጡ። አንዴ የተናደ ተራራ ዳግም ይናዳል። ልትቆፍሩ የግድ ከሆነ ሽቅብ የሚያይ አንድ ሰው አቁሙ፤ ሲጮኽም ሁላችሁም ሽሹ። በኬንቾ ሻቻ እነዚያ ደጋግ ሰዎች የከፈሉት ዋጋ ይህን አስተምሮናል፤ ባንማርበት እነሱን እንበድላለን።

ዛፍ ትከሉ። ሙስሊም ከተከለው ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ የበላው ሁሉ ሰደቃ ሆኖ እንደሚጻፍለት ረሱል ነግረውናል። ችግኝ ግን ተተክሎ ፎቶ ተነሥቶ የሚተው አይደለም። በበጋው ውሃ ያጠጣው፣ ከፍየል የጠበቀው እርሱ ተከለ።

አላህ ሆይ! በጭቃና በውሃ ውስጥ የሞቱትን ሙእሚኖች ሸሂዶች አድርገህ ተቀበላቸው። ለሌላው ነፍስ ብለው የራሳቸውን የሰጡትን አንተ ታውቃቸዋለህ፤ የተዉአቸውን ልጆች አንተ አሳድግ። አላህ ሆይ! ዝናብህን አትከልክለን፤ ዝናብህንም መዓት አታድርግብን። አማና የተሸከሙ መሪዎቻችን የተነገራቸውን የሚሰሙ አድርጋቸው። ዛሬ ማታ በወንዝ ዳር የሚያድሩትን ጠብቃቸው፤ ለእነሱ የሚደርስ እግርና እጅ ስጠን። አሚን።

ሰፋችሁን አስተካክሉ፤ ሶላት ይቁም።