ስለ ውለታና ስለ ነጻነት

ሰው ሁሉ ባለ ዕዳ ሆኖ ይወለዳል። እናት ታጠባለች፤ አባት ያሳድጋል፤ መምህር ፊደል ያስቈጥራል፤ ጎረቤት በጨነቀ ጊዜ ይደርሳል። የተደረገለትን የማያስታውስ ሰው በአገራችን «ወጪት ሰባሪ» ይባላል፤ ከዚህ የከፋ ስድብም ብዙ አይገኝም። ይህ ተገቢ ነው። ዳሩ ግን ከዚሁ መልካም ልማድ ጎን አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም፦ መልካም ያደረገልን ሰው ኋላ «ጌታችሁ ልሁን» ቢለን፥ የቀድሞ ውለታው አፋችንን ሊዘጋው ይገባልን? ይልቁንም የዋለልን ውለታ ከባርነት ማውጣትን የሚያህል ቢሆን፥ ነጻ የወጣው ሰው ላወጣው ሰው ዕዳው እስከ ምን ድረስ ነው?

ይህ ጥያቄ ለቃል ክርክር ብቻ የተፈጠረ አይደለም። በሕይወታቸው የተፈተኑበት ሕዝቦች አሉ። ከነዚህም አንዶቹ ከብራዚል ወደ አፍሪካ የተመለሱት ሰዎችና ልጆቻቸው ናቸው።

ብራዚል ከአሜሪካ አገሮች ሁሉ ይልቅ ብዙ አፍሪካውያን በባርነት የተጋዙባት አገር ነበረች። ባርነትንም በሕግ የሻረችው ከሁሉ በኋላ በ1888 ነው፤ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ከዚያ አስቀድሞ ግን ራሳቸውን በገንዘብ እየዋጁ ነጻ የወጡ ብዙ ሰዎች ነበሩ። በ1835 በሳልቫዶር ከተማ ሙስሊም አፍሪካውያን ባመፁ ጊዜ፥ ቅጣቱና ጥርጣሬው በነጻዎቹ ጥቁሮች ላይ ጭምር ስለ ወረደ፥ ብዙዎቹ ወደ አያቶቻቸው ምድር ለመመለስ መርከብ ተሳፈሩ። አንዳንዶቹ በ1836 አክራ ደረሱ፤ የጋ ሕዝብ አለቆችም ተቀብለው መሬት ሰጧቸው። የአገሩን ቋንቋ ስለማያውቁ ሰላምታ ለሚሰጣቸው ሁሉ በፖርቱጋል ቋንቋ «ታ ቦም» ማለት «ደኅና ነው» እያሉ ስለ መለሱ፥ እስከ ዛሬ ድረስ ታቦም ተብለው ቀሩ ይባላል። ሌሎች ብዙዎች ደግሞ በሌጎስ ሰፈሩ። እጀ ብልኅ ግንበኞችና አናጢዎች ነበሩና ከተማይቱን በሥራቸው አስጌጧት። በ1894 የተመረቀውን የሺታ ቤይ መስጊድ የሠራው ከነሱ ወገን የነበረው ዣዋው ባፕቲስታ ዳ ኮስታ ነው።

እንግሊዞች ሌጎስን በ1851 በመርከብ መድፍ ደበደቧት፤ በ1861 ደግሞ የቅኝ ግዛታቸው አደረጓት። ከብራዚል ለተመለሱት ሰዎች የእንግሊዝ መንግሥት ሁለት ፊት ነበረው። በአንደኛው ፊት፥ የባሪያ ነጋዴዎችን መርከብ በባሕር ላይ የሚያሳድድ፥ በሌጎስም ማንም ሰው ዳግመኛ እንዳይሸጣቸው በሕጉ የሚጠብቃቸው ነበር። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የባሪያ ንግድ በዚያው ዳርቻ ገና አልሞተም ነበርና። በዳሆሜ ወደብ በዊዳ እስከ 1849 ድረስ የኖረው ስመ ጥር የባሪያ ነጋዴ ፍራንሲስኮ ፌሊክስ ደ ሶዛ ራሱ የብራዚል ተወላጅ ነበር። በሁለተኛው ፊት ግን ይኸው መንግሥት የአገሩን ንጉሥ ሥልጣን የነጠቀ፥ ሕዝቡን ሳይጠይቅ የሚገዛ ነበር። ብዙዎቹ ተመላሾች የፊተኛውን ፊት እያዩ፥ በእንግሊዝ ሕግ ጥላ ሥር በንግዳቸውና በእጅ ሥራቸው ጸጥ ብለው መኖርን መረጡ።

ዛሬ በቦሌ ቡና ቤት ተቀምጦ «ለቅኝ ገዥ አደሩ» ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። ዳሩ ግን አንድ ጊዜ የተሸጠ ሰው ዳግመኛ እንዳይሸጥ ቢፈራ ምን ይፈረድበታል? ደካማ ሰው ስለ ፈራ ዝም ቢል አንድ ነገር ነው፤ ሰው ኅሊናውን ሸጦ ዝም ቢል ሌላ ነገር ነው። የፊተኛው ያሳዝናል፤ የኋለኛው ያሳፍራል። ስለዚህ ጥያቄው አባቶች ለምን ዝም አሉ የሚለው ብቻ አይደለም። አባቶች የተቀበሉት ጥበቃ የልጆችን አፍ ደግሞ ይዘጋልን? የሚለው ነው።

ለዚህ መልስ የሚሆን ታሪክ ከዚያው ወገን ይገኛል። የኦሊምፒዮ ቤተ ሰብ በቶጎ ከብራዚል ተወላጆች መካከል የታወቀ የነጋዴ ቤት ነበረ። ኦክታቪያኖ ኦሊምፒዮ፥ ቶጎ በጀርመን እጅ ሳለች በ1913፥ ከሎሜ ታላላቅ ሰዎች ጋር ሆነው፥ የጀርመን የቅኝ ግዛት ሚኒስትር በመጡ ጊዜ ግርፋትና ሰንሰለት እንዲቀር አቤቱታ አቀረቡ። የወንድማቸው ልጅ ሲልቫኑስ ኦሊምፒዮ በለንደን ተምረው በእንግሊዝ የንግድ ኩባንያ ትልቅ ሹመት አገኙ። ትምህርቱም እንጀራውም ከእንግሊዝ የመጣ ነበር። ነገር ግን የእዌ ሕዝብ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ግዛት ለሁለት መከፈሉን በ1947 በተባበሩት መንግሥታት ፊት ቀርበው ተቃወሙ። የተማሩበትን ቋንቋ ያስተማሯቸውን ሰዎች ለመጠየቅ ተጠቀሙበት። ቶጎ በ1960 ነጻ ስትወጣ መሪዋ እሳቸው ነበሩ። ጥር 13 ቀን 1963 ወታደሮች ገደሏቸው። ከአራት ወር በኋላ በግንቦት ወር የአፍሪካ መሪዎች በአዲስ አበባ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር ሲፈርሙ፥ የቶጎ ወንበር ባዶ ነበር። በዚያው ቻርተር ላይ የፖለቲካ ነፍስ ግድያን ያለ አንዳች ማመንታት የሚያወግዝ ቃል ተጻፈ። ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ መስቀል አደባባይ የሚወስደው መንገድ «አፍሪካ ጎዳና» ሲባል፥ ይህን የመሰለ ታሪክ ጭምር ያስታውሰን ዘንድ ይገባል።

ነገሩ ግን የሩቅ ሰዎች ብቻ አይደለም፤ የእኛንም ልጆች ነክቷል። ብራዚል ባርነትን በሻረችበት በዚያው በ1888፥ ኦስፕሬይ የምትባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ በቀይ ባሕር የባሪያ ጀልባዎችን ይዛ፥ ከኦሮሞ ምድር ተሽጠው የወጡ ብዙ ልጆችን አስጣለች። ከነዚያ ልጆች 64ቱ በ1890 በደቡብ አፍሪካ ሎቭዴል ወደሚባለው የስኮትላንድ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተላኩ። ልጆቹን የሸጠው የገዛ አገራቸው ሰው እንደ ነበረ፥ ያስጣላቸውም ባዕድ እንደ ነበረ ሳንሸፋፍን እንናገር። በአገራችን ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1942 ነው። እንግዲህ የመርከበኞቹ ውለታ እውነተኛ ውለታ ነበረ። ነገር ግን ልጆቹ የተወሰዱበት አገር የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበር፤ በዚያም አገር በ1913 የወጣው የመሬት ሕግ ጥቁሩን ሕዝብ ከአብዛኛው የገዛ ምድሩ ከለከለው። ከልጆቹ አንዷ ቢሾ ጃርሳ ነበረች። የልጅዋ ልጅ ዶክተር ኔቪል አሌክሳንደር የዘር መድልዎን አገዛዝ ስለ ተቃወሙ ከ1964 እስከ 1974 ዓሥር ዓመት በሮበን ደሴት ታሰሩ። አያታቸው ከሰንሰለት ስለ ወጣች እሳቸው በሌላ ሰው ላይ የሚታሰረውን ሰንሰለት ዝም ብለው ማየት ነበረባቸውን? እንዲህ የሚል ሰው ቢኖር የአያቲቱን መዳን ከንቱ ያደርገዋል።

መንግሥታችንም ራሱ በዚህ ፈተና ውስጥ አልፏል። አርበኞች አምስት ዓመት ከተዋጉ በኋላ፥ በ1941 በእንግሊዝ ጦር ረዳትነት ጠላት ተባረረ። ነገር ግን ረዳቱ ቶሎ ወደ አገሩ አልተመለሰም። በ1942 የተፈረመው ውል የእንግሊዝን መልእክተኛ ከሌሎች አገሮች መልእክተኞች ሁሉ በላይ አስቀመጠው፤ ኦጋዴንም በእንግሊዝ የጦር አስተዳደር ሥር ቀረ። ኢትዮጵያ ያን ጊዜ ምን አደረገች? ውለታውን አልካደችም፤ ለቸርችል ጎዳና ሰየመች፥ ለጄኔራል ዊንጌትም መታሰቢያ የሚሆን ትምህርት ቤት ከፈተች። በዚያውም ላይ መሬቷን መጠየቅ አላቋረጠችም። በ1944 ውሉ ተሻሻለ፤ በ1948 የኦጋዴን አብዛኛው ክፍል ተመለሰ፤ በ1955 ሐውድና የቀረው ምድር ተመለሰ። እነሆ በዚህ ሥራ የጥያቄያችን መልስ ይታያል፤ ስሙን በጎዳናው ላይ ጻፈችለት፥ መሬቷን ግን አልተወችለትም።

አንድ ሰው «ነጻነት ከስጦታ ሁሉ ይበልጣል፤ ስለዚህ ነጻ አውጪው ከባለ ውለታ ሁሉ የበለጠ ሊታዘዙት ይገባል» ቢል፥ እንዲህ ብለን እንመልስለታለን። ነጻነት የሰጪው ገንዘብ ሆኖ አያውቅም። የተሰረቀ በሬህን ከሌባ አስጥሎ የሚያመጣልህ ሰው፥ ለድካሙና ለቆረጠው አደጋ ምስጋና ይገባዋል፤ ነገር ግን «በሬው ከእንግዲህ የእኔ ነው» ቢል፥ ሁለተኛ ሌባ ሆነ እንጂ ባለ ውለታ አልሆነም። ውለታ በምስጋና፥ በእውነትና በመልካም ሥራ ይከፈላል። ኅሊናን በመስጠት ግን አይከፈልም፤ ኅሊናውን የሰጠ ሰው የሚያመሰግንበት ምን ይቀረዋል?

ዳሩ ግን ከዚህ በተቃራኒ ሌላ ስሕተት አለ። ነጻ መሆኑን ለማሳየት ብሎ ባለ ውለታውን የሚሰድብ፥ የተደረገለትን የሚክድ ሰው ደግሞ አለ። ይህ ሰው ነጻ የወጣ ይመስለዋል እንጂ አልወጣም፤ እውነትን መናገር ያስፈራዋልና።

ወጣቶች ሆይ! ይህ ነገር የመንግሥታት ብቻ አይምሰላችሁ። በቦሌ፥ በገርጂ፥ በኮተቤ ከምትኖሩት ብዙዎቻችሁ አጎት ወይም አክስት ከባሕር ማዶ በምትልከው ገንዘብ ትማራላችሁ። አንዳንዶቻችሁ የባዕድ መንግሥት የትምህርት ዕድል ሰጥቷችሁ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ትሄዳላችሁ። ሌሎቻችሁ ደግሞ በሰው አማላጅነት ሥራ ትይዛላችሁ። አንድ ቀን ያ የረዳችሁ እጅ «ይህን አትናገር፥ እዚህ ላይ ፈርም፥ ይህን በደል እንዳላየ እለፍ» ይላችሁ ይሆናል። ያን ጊዜ ሦስት ነገር አስቡ። አንደኛ፥ የተደረገላችሁን በሰው ፊት ሳታፍሩ ተናገሩ። ሁለተኛ፥ መክፈል የሚቻለውን ክፈሉ፤ ለባለ ውለታችሁ መክፈል ባይቻል እናንተ እንደ ነበራችሁት ለተቸገረው ለሌላው ክፈሉ። ሦስተኛ፥ ዕዳ ያልሆነውን ነገር በትሕትናና በግልጥ ቃል፥ ነገሩ ሳይከርም እንቢ በሉ፤ የዘገየ እንቢታ የተቀበሉትን ሁሉ በልቶ ጨርሶ መካድ ይመስላልና።

እናንተም በተራችሁ የምትረዱት ሰው ይኖራችኋል። ያን ሰው ከወደቀበት ስታነሡት እጁን ይዛችሁ አትቅሩ። በእግሩ ከቆመ በኋላ ወደ ወደደው ይሂድ፤ ቢቃወማችሁም እንኳ የሚቃወማችሁ ቆሞ መሆኑን አስታውሱ፤ ያነሣችሁት እንዲቆም ነበርና።